አባትየው የሮጠው በሌሊት ነው ወይስ ሲነጋ?

ስልኩ ሲጠራ ጓሮ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። እዚህ ሜልበርን፣ የሰንሻይን ዌስት ነፋስ እንደምታውቁት ነው፤ አንሶላውን በአንድ እጄ ይዤ፣ መቆንጠጫውን በጥርሴ ነክሼ፣ በሌላው እጄ አነሳሁት። ሜጋን ነበረች፤ ከፊልም መጋዘኑ ጡረታ ስወጣ በእኔ ወንበር የተተካችው ልጅ። የምናወራው በእንግሊዝኛ ነው፤ እዚህ የማሰፍረው ግን በአማርኛ ነው።

"ደስ የሚል ዜና አለኝ" አለች። "ያ የጠፋው ልጅ ፊልም በዓለም ላይ ሌላ ቅጂ እንደሌለው ታወቀ። አውሮፓ ያለ አንድ የፊልም ቤተ መዘክር ከነቀለሙ አድሶ ሊያወጣው ነው።"

"እግዚአብሔር ይመስገን!" አልኩ። መቆንጠጫው ከአፌ ወደቀ።

"አንዲት ነገር ብቻ ቀርታለች። የአንደኛውንና የሁለተኛውን ጥቅል ቀለም አንቺ ያኔ አስመዝግበሻል። የሦስተኛው የለም። አባትየው ሲሮጥ ያለው ትዕይንት ምን ቀለም ነበር? ካላስታወስሽ አትጨነቂ፤ ኮምፒውተሩ ብርቱካናማ ይሁን ብሏል። ሥራው ወሩ ሲያልቅ ይዘጋል።"

"ያኔ ፊልሙ ሲታይ ኮምፒውተሩ አዳራሹ ውስጥ ነበር?"

ሳቀች። "ብዙ የድሮ ፊልሞች አይቶ ነው እኮ የተማረው። አብዛኞቹ መጨረሻቸው ብርቱካናማ ነው።"

"ታዲያ ብዙ ሰው ያደረገውን ነገረሽ እንጂ ይህ ሰው ያደረገውን መቼ ነገረሽ?"

"እሺ፤ አንቺስ ምን ነበር ትያለሽ?"

ያላየሁትን አልመሰክርም። አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ፤ አባትየው ከፊት ለፊቴ ሸራው ላይ እየሮጠ ነበር፤ ግን አላየሁትም። በዚያ አዳራሽ የነበረ ሰው ሁሉ፣ እኔ እስከማውቀው፣ አላየውም። ይህን ለሜጋን በስልክ ማስረዳት አቃተኝ። እናንተ የቤተ ክርስቲያኔ ሰዎች ግን ይገባችኋል ብዬ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።

የዕድሜ ልክ ሥራዬ ፊልም መቁረጥና መቀጠል ነው። በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ በአንድ የመንግሥት ፊልም ክፍል ተቀጠርኩና ሙያውን እንድማር ወደ ሶቪየት ኅብረት ተላክሁ። ቤተ ክርስቲያናችን ታሽጎ በየቤቱ በሹክሹክታ የምንጸልይበት ዘመን ነበር። እዚያ የመጀመሪያው ቀን ላይ አንድ አዛውንት አስተማሪ የተዋናይ ፊት አሳዩን፤ ምንም የማይልበት፣ ጸጥ ያለ ፊት። ቀጥሎ አንድ ሳህን ሾርባ መጣ። "ይህ ሰው ምን ሆኗል?" አሉ። "ርቦታል" አልን። እንደገና ፊቱ፣ ቀጥሎ የሬሳ ሣጥን። "አዝኗል" አልን። እንደገና ፊቱ፣ ቀጥሎ የምትጫወት ሕፃን። "ወዷታል" አልን። አዛውንቱ ሳቁብን። ፊቱ አንድ ነው፤ ሦስቱም ጊዜ ያው ቁራጭ ፊልም ነው። የቀድሞዎቹ ሩሲያውያን ሞንታዥ ያሉት ይህን ነው። ትርጉሙ ሥዕሉ ውስጥ የለም፤ በሥዕሉና በሚቀጥለው ሥዕል መካከል ነው ያለው። እኔ በልቤ "ሰባኪዎቻችንም እኮ ጥቅስን ከጥቅስ አጠገብ ሲያስቀምጡ ይህንኑ ነው የሚያደርጉት" አልኩ። ጮክ ብዬ አላልኩም። በዚያ አገር እንዲህ ያለውን ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው ሻንጣውን ያዘጋጀ ነው።

ተምሬ ስመለስ አለቃዬ ጓድ ለማ ሞንታዥን በአንድ ቀን አቀለሉልኝ።

"የአምራቾች ማኅበሩን ሊቀመንበር ፊት አድርጊ፤ ከዚያ ስንዴውን። አለቀ!"

"ጓድ፣ ሊቀመንበሩ የሚያዩት ወደ ግራ ነው፤ ስንዴው ያለው በቀኝ በኩል ነው። ተመልካቹ ምን እንደሚያዩ አይገባውም።"

"ታዲያ ስንዴውን አዙሪዋ!"

ገልብጬ ቀጠልኩት። ስንዴው መሃል የቆመው ትራክተር ላይ ያለው ጽሑፍም አብሮ ተገለበጠ። በምርቃቱ ዕለት እንግዶቹ አንገታቸውን አዘንብለው ሊያነቡ ሲታገሉ ጓድ ለማ ዞር ብለው "ይህቺ ልጅ ሩሲያ ምን ስትሠራ ነው የከረመችው?" አሉ። ደመወዜ ስንት እንደነበር አልነግራችሁም፤ እሱ እንኳ የዚህን ንግግር ያህል አላናደደኝም።

በኬንያ በኩል አድርጌ ሜልበርን ስገባ ፊትዝሮይ ካሉት ፎቆች አንዱ ላይ ቤት ተሰጠኝ። የሥራ ኤጀንሲው ልጅ "ምን ትችያለሽ?" አለኝ። "ፊልም እቆርጣለሁ፤ እቀጥላለሁ" አልኩት። "ፓኪንግ ትችያለሽ?" አለኝ። እንግዲህ ዶሮ ማሸጊያ ገብቼ ዶሮ ፓክ አደረግሁ። ዶሮም ቢሆን የእግዚአብሔር ፍጥረት ነው፤ ነገር ግን ለዚህ ነው እንዴ ያን ሁሉ በረዶ የረገጥኩት? ከዶሮው በኋላ ያው ኤጀንሲ ላቨርተን ኖርዝ አንድ መጋዘን ቆርቆሮ እንድሸከም ላከኝ። ቆርቆሮዎቹን ስከፍት ውስጣቸው ፊልም ነው። ቆሜ አለቀስኩ። እንዲህ ነው ወደ ሙያዬ የተመለስኩት፤ ከዚያ በኋላ ጡረታዬ ድረስ ከዚያ አልወጣሁም።

እዚያ ያገኘኋቸው መምህሬ ቬልታ ይባላሉ። በልጅነታቸው ከላትቪያ በመርከብ የመጡ፣ አጭር፣ ቁጡ ሴት። ፊት ለፊት "ቬልታ" ነበር የምላቸው፤ የዚህ አገር ሰው ሌላ ማዕረግ አይወድም። በልቤ ግን እትዬ ቬልታ ነበሩ፤ እዚህም እንደዚያው እጽፋቸዋለሁ። ቀኝ እጃቸው ላይ ነጭ የጥጥ ጓንት ያደርጋሉ፤ ግራው ባዶ ነው። ፊልሙን በባዶው አውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መሃል እያሳለፉ ጠርዙን ይዳስሳሉ። "ዓይን ይደክመዋል፤ ጠርዝ ግን አይዋሽም" ይላሉ። ፀጉር የማታህል ስንጥቅ ሳያዩ ያገኟት ነበር። ቆርቆሮ ሲከፍቱ ክዳኑን ከፊታቸው አርቀው መጀመሪያ ያሸታሉ፤ የሚበሰብስ ፊልም አቼቶ አቼቶ ይላልና። መቀስ አንስተው ወዲያው አይቆርጡም፤ መልሰው ያስቀምጡታል፣ ይተነፍሳሉ፣ ደግመው ያነሱታል። "የመጀመሪያው ማንሳት የቁጣ ነው፤ ሁለተኛው የሥራ ነው።" ሥራው ሳያልቅ ደግሞ ምንም አይጽፉም። ስንቴ ለመንኳቸው! "ያላለቀ ሥራ የሚጽፍ ሰው ከመጨረሱ በፊት የሚፎክር ነው" ብለው ይዘጉኛል።

አንድ ቀን የድሮ የጀርመን ፊልም የብርሃን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው "ብርሃኑ ከየት ነው የሚመጣው?" አሉኝ። መስኮት ፈለግሁ፤ መብራት ፈለግሁ። ጥላው ወዲያ ይወድቃል፤ ደረጃው ወዲህ ያጋድላል።

"አላገኘሁትም።"

"አታገኚውም። ጥላውን ግድግዳው ላይ በቡርሽ ነው የቀቡት። ቤቱ የተጣመመው ሰውየው ውስጡ ስለተጣመመ ነው።" ከዚያ የፈረንሳዮቹን አሳዩኝ፤ ሌንሱ ላይ ሻሽ እየጋረዱ፣ ሥዕል በሥዕል ላይ እየደረቡ፣ የሰከረ ሰው ዓይን ምን እንደሚያይ የሠሩትን። "ሩሲያዊው በመቀስ ያስባል፤ ጀርመናዊው በግድግዳ፤ ፈረንሳዊው በሌንስ" አሉ። ከዚያ አፍንጫቸውን ነፉና "ሁሉም ደግሞ በቀለም። ይህን ማንም አያውቅም" አሉ።

እውነት ነው፤ ማንም አያውቅም። የድምፅ አልባው ዘመን ፊልም ጥቁርና ነጭ ነበር ትላላችሁ? ብዙው አልነበረም። ቁራጩን ወስደው ቀለም ውስጥ ይነክሩት ነበር፤ ሰማያዊ ለሌሊት፣ ብርቱካናማ ለፋኖስ፣ ቀይ ለእሳት፣ ሐምራዊ ቀላ ያለው ለንጋት። የዚያን ጊዜ ካሜራ በጨለማ ስለማያይ ሌሊቱን በጠራራ ፀሐይ አንስተው ሰማያዊ ይነክሩታል። እንግዲህ ሰማያዊውን አውልቁበት! ሌባው በቀትር ፋኖስ አብርቶ ሲሄድ ታያላችሁ። ዘመናይ ተመልካቾች ይስቃሉ፤ "የድሮ ሰዎች ሞኞች ነበሩ" ይላሉ። ሞኙ ማን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ።

ያ ፊልም የመጣው ከተዘጋ የሚስዮን መጋዘን ነው። ሦስት ጥቅል፤ ርዕሱ ተቆርጦ ጠፍቷል፤ ማን እንደሠራው አይታወቅም፤ ጽሑፉ ጀርመንኛ ነው። ታሪኩን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ድርሻውን ወስዶ ርቆ የሄደው፣ የአሳማ ምግብ የተመኘው ልጅ ነው። የአባትየው ቤት ግድግዳ ላይ ጥላው የተቀባ ነው። ሩቅ አገር ያለው ጭፈራ በሻሽ ተጋርዶ፣ ሥዕል በሥዕል ላይ ተደርቦ ይዞራል። አንደኛውንና ሁለተኛውን ጥቅል እኔ ጠገንኩ። ሦስተኛው ተኮማትሮ፣ እንደ ቅርፊት ተጠቅልሎ፣ አቼቶው ዓይን ያስለቅስ ነበር። እትዬ ቬልታ "ይህ የእኔ ነው" ብለው ወደ ጠረጴዛቸው ወሰዱት፤ በማንም አላስነኩትም።

ነገሩን ለቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ለጋሼ ተሊላ አወራኋቸው። ጋሼ የወለጋ ሰው ናቸው፤ ድምፃቸው ያለ ማይክ አዳራሽ ይሞላል። "ለትንሣኤ እናሳየዋ!" አሉ። የመጋዘኑ አለቃችን ግሬግ "ሳይሞት አሳዩት" ብሎ ፈቀደ። እትዬ ቬልታ ለተኮማተረ ፊልም ብለው ጥርሱን የሞረዱለትን ማሳያ ማሽን ይዘው ፊትዝሮይ፣ ከፎቆቹ አጠገብ ያለው አዳራሽ መጡ።

ቆርቆሮው ሲከፈት ከምእመናኑ እትዬ ብርቄ ከፊት ወንበር ዞር አሉ። "ሰላጣ ያመጣው ማነው? ከፊልሙ በፊት ነው እንዴ የምንበላው?"

"ፊልሙ ነው እትዬ።"

"ፊልሙ ይሸታል? ኧረ በስመ ኢየሱስ!"

በሥዕሎቹ መሃል በሚመጣው ካርድ ላይ የተጻፈውን ጀርመንኛ እትዬ ቬልታ በእንግሊዝኛ ይነግሩኛል፤ እኔ በአማርኛ ለጋሼ ተሊላ፤ ጋሼ ለሕዝቡ። ጋሼ ደግሞ ያገኙትን ብቻ የሚያስተላልፉ ሰው አይደሉም። ስደቱን ጨመሩበት፣ የእናት እንባ ጨመሩበት፣ የቤት ሬንት መወደድ ሳይቀር ጨመሩበት።

"ምንድን ነው የሚሉት?" አሉኝ እትዬ ቬልታ፣ ማሽኑን በእጃቸው እያዘገሙ። "ካርዱ እኮ 'ሄደ' ብቻ ነው የሚለው!"

"እያብራሩት ነው።"

"እሱ ሄዶ ደርሷል፤ እሳቸው ገና ይሸኙታል!"

አሳማዎቹ ሲመጡ ልጆቹ "ማሚ፣ ፒግስ! ፒግስ!" ብለው አዳራሹን አናጉት። ከዚያ ሦስተኛው ጥቅል ገባ። ሰማያዊ ነበር፤ እስከዚህ ድረስ በዓይኔ አይቻለሁ። አባትየው ደፉ ላይ ተቀምጧል። ፊቱ፤ ከዚያ ባዶ መንገድ። ፊቱ፤ ባዶ መንገድ። ፊቱ አልተለወጠም፤ ግን መንገዱ ባዶ በሆነ ቁጥር ፊቱ የሚያረጅ ይመስለን ነበር። ያ የሩሲያው አዛውንት ትምህርት ነው፤ ጀርመኑም ያውቀው ነበር ማለት ነው። ከዚያ መንገዱ ላይ አንዲት ነጥብ ታየች። አባትየው ብድግ አለ።

ጋሼ ተሊላ አልቻሉም። ልጃቸው ከቤት ከወጣ ደውሎ አያውቅም ነበር፤ ይህን አዳራሹ ሁሉ ያውቃል። ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ። "ወገኖቼ፣ ሁላችንም ዓይናችንን እንጨፍን! እንጸልይ!"

ጨፈንን። እኔም ጨፈንኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ ዓይናችሁን ጨፍኑ ስባል እጨፍናለሁ፤ በዚህ አላፍርም። ለቅሶው፣ "ጌታ ሆይ!" የሚለው፣ ከሥሩ የማሽኑ ጠቅጠቅታ ይሰማኝ ነበር። ክርን ጎኔን ጎሸመኝ።

"ምን ሆኑ? ሞቱ?" አሉ እትዬ ቬልታ።

"እየጸለዩ ነው።"

"አሁን? እሱ እኮ እየሮጠ ነው! ካሜራውን ደረቱ ላይ አስረውለት ነው የሚሮጠው፤ መንገዱ ሁሉ ይዘላል! ንገሪያቸው፣ ይግለጡ!"

"ቬልታ፣ እንዴት አድርጌ ልበላቸው?"

"ዕድሜዬን ሙሉ ፊልም አሳይቻለሁ፤ የተኛ አለ፣ የጠጣ አለ፣ የተሳሳመ አለ። ሁሉም አንድ ላይ ዓይኑን የጨፈነ ሕዝብ ግን አላየሁም! እግዚአብሔር እንደሆነ ፊልሙን አይቶታል፤ ያላያችሁት እናንተ ናችሁ!"

ጋሼ "አሜን" ሲሉ ሸራው ነጭ ሆኖ ነበር፤ የፊልሙ ጫፍ ጥቅሉ ላይ ጠፍ ጠፍ ይላል። ሕዝቡ ተባርኮ፣ እንባውን እየጠረገ ወጣ። ስለ ጸሎቱ ቅሬታ የለኝም። እውነተኛ ጸሎት ነበር። ነገር ግን ጌታዬ ሆይ፣ ትንሽ ቢዘገይ ምን ነበረበት?

መኪና ውስጥ "ምን ቀለም ነበር?" ብዬ ጠየቅኳቸው። እትዬ ቬልታ ተቆጥተው ነበር። "አልነግርሽም። ቀለም አይወራም፤ ይታያል። በሚመጣው ትንሣኤ ዓይናችሁን ገልጣችሁ ታዩታላችሁ።"

የሚመጣው ትንሣኤ አልደረሰም። በክረምቱ እትዬ ቬልታን ስትሮክ መታቸው። እኔ ዓመታዊ ዕረፍት ላይ ሳለሁ ግሬግ ጥቅሎቹን ለአንድ ኮፒ ቤት ልኮ አስገለበጣቸው፤ ዋናዎቹን አስጣላቸው። አልፈርድበትም ልል እሞክራለሁ፤ የሚበሰብስ ፊልም ትነቱ አጠገቡ ያለውንም ያበሰብሳል፤ መደርደሪያውን ማዳን ነበረበት። ግን ቦታው ባዶ ሆኖ ሳገኘው ሮጬ ገባሁ።

"ቀለሙስ ግሬግ? ቅጂው ቀለም አለው?"

"የምን ቀለም?" አለኝ ከልቡ ተገርሞ። "ጥቁርና ነጭ ፊልም አይደለም እንዴ?"

በዚያ መጋዘን ውስጥ፣ እኔና እትዬ ቬልታ ጣታችን እስኪደማ የሠራንበት ቦታ፣ አለቃው ይህን ጠየቀኝ። የደረሰብኝ ትልቁ ሽንፈት ይህ ነው። የተበጠሰ ይቀጠላል፤ የተቀደደ ይለጠፋል፤ የተጣለ ቀለም ግን በምን ይጠገናል?

ሆስፒታል ሄጄ ለእትዬ ቬልታ ነገርኳቸው። አንደበታቸው ተይዞ ነበር። "ያ የመጨረሻው፣ አባትየው ሲሮጥ፣ ሰማያዊ ነበር ወይስ ሌላ?" አልኳቸው። አዩኝ፤ ከዚያ ሆን ብለው ሁለቱንም ዓይናቸውን ጭፍን አደረጉ፤ የሚታዘዝላቸው ግማሽ አፋቸው ሳቀ። በዚያ ሰዓት ይቀልዱብኛል! እኔም እያለቀስኩ ሳቅሁ። ብዙም አልቆዩም፤ በዚያው ዓመት ቀበርናቸው።

ከሜጋን ስልክ በኋላ ቅጂውን ልካልኝ ልጄ ቤት በኮምፒውተር ደጋግሜ አየሁት። ሁሉም ግራጫ ነው። አባትየው ብድግ ሲል ግን ሥዕሉን አቋርጣ የምታልፍ ቀጭን የመቀጠያ መስመር አለች። ቀለም የሚለወጥበት ቦታ ሁልጊዜ እንዲህ ይቀጠላል፤ ለየብቻ ስለሚነከር። እንዲያ ከሆነ ሰማያዊው እዚያ ያበቃል፤ ነግቷል፤ ሰውየው ሌሊቱን ሙሉ ደፉ ላይ ተቀምጦ አድሯል። ነገር ግን የተበጠሰ ፊልም ሲጠገንም ያው መስመር ይታያል። እንዲያ ከሆነ ደግሞ አልነጋም፤ ሽማግሌው የሮጠው በድቅድቅ ጨለማ፣ የሚመጣው ልጁ ይሁን ሽፍታ ሳይለይ ነው። ከጥላው እንዳትለዩት ጥላው በቡርሽ የተቀባ ነው። ከሁለቱም ጥሩ ስብከት ይወጣል። እኔ የምፈልገው ስብከት አይደለም፤ ያ ስሙ የጠፋ ሰው የሠራውን ነው። እኛ ዝም ካልን በስሙ የሚወጣው የኮምፒውተሩ ብርቱካናማ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚያርመው የለም።

ጋሼ ተሊላ ጋ ደወልኩ። አሁን አርጅተዋል፤ ድምፃቸው ግን ያው ነው። "ቀለም? እኔ ያየሁት የአብን ልብ ነው፣ ልጄ!"

"ጋሼ፣ እሱስ አሜን። ሸራው ላይስ?"

"ሸራውን ማን ያየዋል!"

እትዬ ብርቄ ጋ ደወልኩ። እሳቸው አላመነቱም። "ነጭ ነበር። እንደ መላእክት ልብስ ነጭ!"

"እትዬ ብርቄ፣ ዓይንዎን ጨፍነው ነበር እኮ። ከእኔ ቀድመው አንገትዎን ሲደፉ አይቻለሁ።"

"በመንፈስ ነዋ ያየሁት!"

በመንፈስ የታየውን ሜጋን ምን ብላ ትመዝግበው?

እንግዲህ በዚያ የትንሣኤ በዓል ፊትዝሮይ አዳራሹ ውስጥ የነበራችሁ ሁሉ፣ የምለምነው እናንተን ነው። ጋሼ "እንጨፍን" ሲሉ ያልጨፈነ ሰው መኖር አለበት። ሕፃን አቅፎ ያባብል የነበረ፣ በር ላይ ቆሞ ሰው ያስተናግድ የነበረ፣ ወይም ደግሞ ዝም ብሎ ዓይኑ ከአባትየው አልላቀቅ ያለው። ልጆቻችሁንም ጠይቁልኝ። ዛሬ ትልልቅ ሰዎች ሆነዋል፤ በእንግሊዝኛም ይመልሱ፣ ግድ የለም። ስትጠይቋቸው "ሰማያዊ ነበር አይደል?" አትበሉ፤ "ምን ይመስል ነበር?" ብቻ በሉና ጠብቁ። ያላየ "አላየሁም" ይበል፤ እኔም ብያለሁ። መሆን የነበረበትን ማንም እንዳይነግረኝ፤ እሱን የሚነግሩኝ በዝተዋል።

እሑድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ በበሩ በኩል፣ የመጨረሻው ረድፍ ላይ እቀመጣለሁ። መጥታችሁ በጆሮዬ ንገሩኝ። ለምን ዓይንህን ገለጥህ፣ ለምን ገለጥሽ ብዬ አልጠይቅም፤ ለጋሼ ተሊላም አልናገርም። እባካችሁ፣ ወሩ ሳያልቅ፣ አንዳችሁ ሲሮጥ አይታችሁታል?